«ጌሾውን ትቆርጡታላችሁ?»

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባሕር ዳር ከመጣን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ እስካሁን አምስት ኪራይ ቤት ቀያይረናል። የአሁኑ አከራያችን ደግሞ እስከ መስከረም 30 ልቀቁልኝ ብለውናል። ዕቁብ ደርሶኛል፣ ባለቤቴም ከመሥሪያ ቤቱ ብድር ተፈቅዶለታል። ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው በኩል፣ 150 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት ደላላ አሳየን። ሻጩ 3 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር አለ።

በፍልሰታ ሱባኤ ይዤ «እመቤቴ፣ የልጅሽ ፈቃድ ከሆነ እስከ ቡሄ ሁለት መቶ ሺህ ብር ይቀንስልን» ብዬ ለመንኩ። በቡሄ ዋዜማ ደላላው ደውሎ «ቀንሷል» አለን። ባለቤቴ በደስታ የሚሆነውን አጣ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ሰላም የለኝም። ሁለተኛ ጊዜ ቤቱን ልናይ ስንሄድ የሻጩ ሚስት ቡና አፍልታ ጠጣን፤ እሷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ልንወጣ ስንል ግን ደጃፉ ላይ ጠጋ ብላ «ጌሾውን ትቆርጡታላችሁ?» አለችኝ። ይህን ለምን እንደምጽፍልዎ አላውቅም። ባለቤቴ «ምልክት ለመንሽ፣ ተሰጠሽ፤ ከዚህ በኋላ መጠራጠር እምነት ማጣት ነው» ይለኛል። ንስሐ አባታችን «ጸልዩበት» ብለውናል። ሰላም ማጣቴ «አይሆንም» ማለት ነው ወይስ ፈተና ነው?

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ለምን እንደምጽፍልዎ አላውቅም» ያልሽበት ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። እኔ ሳላውቀው አልቀርም፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የሁለት መቶ ሺውን ነገር እናንሣ። እንዳትቀየሚኝ እንጂ፣ ሻጭ ዋጋ ሲቀንስ ያየሁት ብዙ ጊዜ ስለ ቸኮለ ነው። ጌዴዎንን ታነሺብኝ ይሆናል። ጌዴዎን የበግ ጠጉሩን አውድማው ላይ የዘረጋው ሂድ ተብሎ ከታዘዘ በኋላ ልቡ ስለ ፈራ ነው፤ የሚያደርገውንማ ያውቅ ነበር። ምልክት መለመንሽን አልነቅፍም፤ እኛንም እናቶቻችን በስዕለት ነው ያሳደጉን። ብቻ ያ ስልክ የነገረሽ የሻጩን ዋጋ ነው፤ ስለ ቤቱ የነገረሽ ነገር የለም።

የራሴን ልንገርሽ። በ1989 ዓ.ም. አዲስ ትዳር ይዤ፣ በአስተማሪ ደመወዝ ሽምብጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ቦታ ተገኘልኝ። ዘጌ ተሻግሬ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሰባት ቀን ሱባኤ ገባሁ። ጥሬ እየቆረጠምኩ፣ መሬት ላይ እየተኛሁ፣ ሌሊቱን ማኅሌት እየቆምኩ ሰነበትኩ። በስምንተኛው ቀን በጀልባ ስመለስ ያ ሁሉ ጭንቀት ከላዬ ላይ ተገፈፈ፤ ሐይቁ መስታወት መስሎ ተኝቷል፣ እኔም ተኛሁ። የነቃሁት ወደቡ ላይ ሰዎች ሲወርዱ በግርግሩ ነው። «ሰላሙን ሰጠኝ» አልኩ። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ደላላው ከደብተሩ በገነጠላት ወረቀት ላይ ፈርሜ 4,000 ብር ቀብድ ቆጠርኩ። ቦታው ከእኔ በፊት ለሁለት ሰው ተሸጦ ኖሯል። ብሩም ቀረ፣ ደላላውም ከከተማ ጠፋ።

እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። ሄጄ ለንስሐ አባቴ እያለቀስኩ ነገርኳቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረውና ሳቁ። «ሰባት ቀን ጥሬ በልቶ፣ ሰባት ሌሊት ቆሞ አድሮ ጀልባ ላይ እንቅልፍ ያልወሰደው ሰው ብታመጣልኝ ነው የሚደንቀኝ» አሉኝ። ከዚያ ዮናስን አስታወሱኝ። ከእግዚአብሔር ፊት እየኮበለለ መርከቡ ሆድ ውስጥ ከባድ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ የመርከቡ አለቃ ነው የቀሰቀሰው። ጌታችን ደግሞ የአባቱን ፈቃድ ሊፈጽም ባለበት ሌሊት በጌቴሴማኒ ተጨነቀ። እንግዲህ እንቅልፍ ስለ መጣ ብቻ ፈቃዱ ነው ማለት ያስቸግራል፤ እንቅልፍ ስለ ጠፋም አይደለም ማለት እንደዚያው።

ቤት መግዛት ሲነሣ እኔ የምሄደው ወደ ኤርምያስ ነው፤ ምዕራፍ 32ን አንብቢው። ኢየሩሳሌም ተከብባለች፣ ነቢዩ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ ይለዋል። ይህ እንደሚሆን እግዚአብሔር አስቀድሞ ነግሮት ነበር፤ ስለዚህ «የእግዚአብሔር ቃል እንደ ሆነ አወቅሁ» ይላል። ያን ያህል ካወቀ በኋላ ምን አደረገ? ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮች ጠራ፣ 17 ሰቅል ብሩን በሚዛን መዘነ። የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱንም ውል በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑር ብሎ ለባሮክ ሰጠ። ይህን ሁሉ ጨርሶ ሲጸልይም ልቡ አላረፈም፤ ከተማይቱ ለከለዳውያን ተሰጥታ ሳለ እርሻውን በብር ግዛ ትለኛለህ እያለ ይገረማል። ፈቃዱን በጆሮው የሰማው ሰው ምስክር ከጠራ፣ በስልክ ጥሪ የሰማነው እኛማ!

አሁን ወደ ጌሾው።

ያቺ ሴት ቤቱን እየለቀቀች ያለች አትመስልም፤ ከቤቱ እየተነቀለች ነው የምትመስለው። ጌሾ ለጠላ የሚሆን ቅጠል እስኪሰጥ ዓመታት ይፈልጋል። ውኃ እያጠጣች፣ ከፍየል እየጠበቀች ያሳደገችው እሷ መሆን አለባት። ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ፈተና ይሁን መልአክ እኔ አልፈርድም። ግን ዓይንሽ አንድ ነገር አይቷል፣ አፍሽ ገና አልተናገረውም፤ እንደምገምተው ለዚያ ነው የጻፍሽልኝ። ምናልባት የሴትዮዋ ኀዘን ከሰፈር የመለየት ብቻ ይሆናል። ምናልባትም መሸጡን የሰማችው ከእናንተ ጋር እኩል ነው።

ይህን ለማወቅ ሱባኤ አያስፈልግም። ከባለቤትሽ ጋር ሂዱ፣ ደላላውን ተዉት። አንድ ኪሎ ቡና ይዘሽ ግቢና እስኪፈላ አብረሻት ጓዳ ተቀመጪ። «እርስዎ ተስማምተዋል ወይ? ከዚህ ወዴት ነው የምትሄዱት?» በያት። የምትመልስልሽን ባለቤቷ ሲኖርም ሳይኖርም ስሚ። የባልና ሚስት የጋራ ቤት ከሆነ ያለ እሷ ስምምነት አይሸጥም፤ ካርታው በእሱ ስም ብቻ መሆኑ አያድናችሁም፣ ፍርድ ቤት ሄዳ ውሉን ልታስፈርሰው ትችላለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል። ካርታው ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አጣሩ። ይህ ሳይሆን ቀብድ የሚባል ነገር ከእጃችሁ እንዳይወጣ። አራት ሺህ ብር የበላችኝ ያቺ የደብተር ወረቀት አሁንም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለች፤ የት ምዕራፍ ላይ እንዳለች ገምቺ።

ባለቤትሽን አትፍረጂበት። አሥራ አንድ ዓመት ዕቃ ያሸከመ ሰው ድንገት በር ሲከፈትለት ቢሮጥ አያስገርምም። የመስከረም 30ውም ነገር አንቺን ብቻ ሳይሆን እሱንም ነው የሚያሯሩጠው። አከራያችሁን ሁለት ወር ጨምሩልን ብላችሁ ለምኑ፤ ሽማግሌም ላኩ። ስድስተኛ ኪራይ ቤት ብትገቡም ሰማይ አይደፋም። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች የክርስቶስ ሰላም በልባችሁ ይግዛ ሲል ስለ አንድ አካል አባላት ነው የሚያወራው፣ እርስ በርስ ታገሡ፣ ይቅር ተባባሉ ካለ ከሁለት ቁጥር በኋላ። ስለዚህ አንቺ እየነቃሽ እሱ እየተቆጣ ከሚፈረም፣ ሁለታችሁ አንድ ልብ ሆናችሁ ቢቀር ይሻለኛል።

ሴትየዋ በደስታ ከፈረመች ግዙት፣ ሌሊቱን ባትተኚም ግዙት። ካልፈረመች ሁለት መቶ ሺው አይደለም፣ ግማሹን ቢቀንስም ይቅር።

ጌሾውን ግን አትቁረጪው። በየዓመቱ ለጥምቀት ጠላ የሚሆናትን ቅጠል መጥታ ትልቀም በያት።