ከሱዳን የመጣች ጎረቤቴ ቡና ጠራችኝ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ጦርነቱን ሸሽታ ከካርቱም የመጣች እናት ከልጆቿ ጋር ፊት ለፊታችን ተከራይታ ገባች። ሙስሊም ናት። ከጾሙ በፊት እንኳን ደህና መጣሽ ልበላት ብዬ ዶሮ ወጥ በእንጀራ ይዤላት ሄድኩ። በፈገግታ ተቀበለችኝ፤ በኋላ ግን እንዳልበሉት ሰማሁ። ከፋኝ። ሳህኔን ግን ቴምር ሞልታ ነው የመለሰችልኝ። አሁን ደግሞ ቡና ጠርታኛለች፤ እኔ ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ። የጽዋ ማኅበራችን ሰዎች "እነሱ ቤት መቅመስ ያረክሳል" ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቴምሩን ብዪ። ቡናውንም የጾሙ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሄደሽ ጠጪ።

ዶሮ ወጡ ያልተበላው ተንቆ አይመስለኝም። የክርስቲያን እርድ ስለሆነ ነው። እሷ በሙስሊም የታረደ ሥጋ ብታመጣልሽ አንቺስ ትበዪ ነበር? አትበዪም። ይህ ከጥላቻ እንዳልሆነ ደግሞ ልብሽ ያውቀዋል። የእሷንም እንደራስሽ ቁጠሪው። በሚቀጥለው ምስር ወይም ሽሮ ይዘሽላት ሂጂ፤ ያለ ስጋት ትበላለች።

ማኅበርተኞችሽ ስለሚሉት ግልጹን ልንገርሽ። በእርድ ነገር አባቶቻችን ያቆዩልንን ሥርዓት እንጠብቃለን። ሰውን ርኩስ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን የሆነው ቆርኔሌዎስ ቤት ሲገባ፣ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው ተናግሯል፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ አንብቡት። ሥጋውን መተው ይቻላል፤ ሰውየውን መተው ግን አይቻልም።

አሁን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን አስቢ። በዚያ ዘመን አይሁድና ሳምራውያን አይተባበሩም ነበር። ጌታችን መንገድ ደክሞት፣ በስድስት ሰዓት፣ ያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጧል። ሳምራዊቷ ውኃ ልትቀዳ መጣች። ውኃን የፈጠረ ጌታ በመጀመሪያ ያላት ምንድን ነው? "ውኃ አጠጪኝ" ነው። ልስጥሽ ከማለቱ በፊት ስጪኝ አላት። እሷም ደነገጠች፤ እንዴት አይሁዳዊ ሆነህ ከእኔ ትለምናለህ አለችው። ያ ሁሉ ረጅም ንግግር የተከፈተው በዚህ ልመና ነው።

እኛ እንግዳ ስንቀበል መስጠት ይቀናናል። ልብስ፣ ዱቄት፣ ብርድ ልብስ እንሰበስባለን። ደግ ነው፤ "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና" የሚለውን ቃል መፈጸም ነው። ግን ሁልጊዜ እጁን ዘርግቶ የሚቀበል ሰው ውሎ አድሮ ይሳቀቃል። ይህች ሴት እኮ አገሯ ላይ የራሷ ቤት፣ የራሷ እንግዳ፣ የራሷ ጀበና የነበራት ሰው ናት። ቡና ስትጠራሽ ዳግመኛ የቤት እመቤት ሆናለች። ብትቀሪባት ይህንን ነው የምትነሻት።

ስትሄጂ ቡናው ዝንጅብል ዝንጅብል ቢልሽ አትደነቂ፤ ሱዳኖች እንዲህ ይወዱታል። ፉል ካቀረበችልሽ አይብና እንቁላል እንዳይገባበት ቀድመሽ ንገሪያት። በዘይት ብቻ ከሆነ ጾም ነው። ኪስራ የሚሉት የማሽላ ቂጣቸውም ቦክቶ ስስ ሆኖ የሚጋገር ነው፤ ለእንጀራ በላተኛ እንግዳ አይሆንም። ሳታውቂ ከመገመት መጠየቅ ይሻላል። "እኔ እስከዚህ ሰዓት አልቀምስም፤ ወተትና ቅቤም አልበላም፤ አንቺስ?" በያት። ጾም ያላት ሴት ናትና ቶሎ ይገባታል። ባለፉት ዓመታት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ሲውሉ አይተናል። በረመዳን ምግብ የምትወስጂላት ከሆነ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አድርጊው።

ባለቤትሽ ሰላም ሊላት ሲመጣ ቀድሞ እጁን አይዘርጋ። እሷ ከዘረጋች ይጨብጣት፤ ካልዘረጋች እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይበል።

አንድ ነገር አደራ። "ባልሽ የት ነው? ምን አየሽ?" ብለሽ አትጠይቂያት። ጦርነቱ የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ቄጤማ ግንባራችን ላይ አስረን ትንሣኤን የምንጠብቅበት ቀን። እነሱ ደግሞ የረመዳን መገባደጃ ላይ ነበሩ፤ ለዒድ ሲዘጋጁ ነው ተኩስ የሰሙት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሷ ስታነሣው ብቻ ስሚያት። ማኅበራችሁ ዕርዳታ ሲሰጣት ደግሞ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ አይገባም። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ልስበካት ወይ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ከጠየቀችሽ በየዋህነት መልሺላት፤ ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያይቱ መልእክቱ እንዲሁ ይለናል። ዱቄቱን ግን ማጥመጃ አታድርጊው። የተራበ ሰው እሺ ቢልሽ እምነት አይባልም።

ለማኅበርተኞችሽ ይህንንም አስታውሺያቸው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በድንበሯ ኦሜድላ የገቡት ከሱዳን ተነሥተው ነው። በ1977ቱ ድርቅ ብዙ ወገኖቻችን ነፍሳቸውን ያተረፉት እዚያው ሱዳን ተሻግረው ነው። በ2013 ዓ.ም.ም ሐምዳይትና ኡም ራኩባ የተባሉት የሱዳን የስደተኛ መጠለያዎች የተቀበሉት ከትግራይ ጦርነት የሸሸውን የእኛኑ ሰው ነው። ያኔ ውኃ ያቀበሉን ሙስሊሞች ነበሩ። የጽጌን ጾም ስንጾም የምናስበው እመቤታችን ልጇን ይዛ ግብፅ መሰደዷን አይደል? ያንን ማኅሌት ቆመን ሰምተን ፊት ለፊት ያለውን በር መዝለል አይሆንም።

የልጆቹን ትምህርትም አደራ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጆች በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያውያን ልጆች እኩል እንዲስተናገዱ ይፈቅዳል። እናትየዋ ቋንቋው ስለሚያስቸግራት ትምህርት ቤቱን ብቻዋን ብትሄድ ልትጉላላ ትችላለች። ከማኅበርተኞቹ አንዱ አብሯት ይሂድ፤ ሌላው ማታ ማታ ልጆቹን አማርኛ ያስጠና። ስለ ምግቡ ዝርዝር የሚከብድሽ ነገር ካለ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።