ስለ ብርብራ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጥላ ዛፎች ስጽፍ ብርብራን በአንድ መስመር አልፌው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለሱ ናቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይኸው ልካስ።

«ልጆች ሆነን ርብ ወንዝ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጠን እየጨመርን ዓሣ እናሰክር ነበር። ለመሆኑ ዓሣውን ምን ያደርገዋል? ዛሬስ ባደርገው ነውር አለው?» ከደቡብ ጎንደር

ጋሼ፣ ዓሣው እንኳን አልሰከረም። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። በሚተነፍስበት ስንጥቡ በኩል ቶሎ ይገባና ሰውነቱ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግደዋል። ውሃው ውስጥ አየር ሞልቶ ዓሣው ታፍኖ ነው ሆዱን ገልብጦ የሚንሳፈፈው።

ነውሩ ላይ ልምጣ። ጣና ውስጥ እንጂ ሌላ የትም የማይገኙ ባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ። ያን ጊዜ ወንዙ ላይ ብርብራ የበተነ ሰው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ይጨርሳል። መርዙ ትልቅ ትንሽ አይልም፤ መረብ እንኳ ትንንሹን ያሳልፋል። ትዝታዎ ደስ ይላል፣ እንዲያው ትዝታ ሆኖ ይቅር።

«ቡናዬ መሃል ያሉትን ብርብራዎች ልቆርጥ ስል የግብርና ባለሙያው ከለከለኝ። ቅጠሉን ከማራገፍ በቀር ምን ይጠቅመኛል?» ከዲላ አካባቢ

ዋናው ጥቅሙ እኮ ያ የምታማርርበት ቅጠል ነው! ብርብራ ዛፍ ቢሆንም ዘሩ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው። ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለዛፉ ይመግቡታል። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ያ ሁሉ ወደ አፈሩ ይገባል። ያለ ክፍያ የመጣ ማዳበሪያ በለው።

ደግሞ ይህን ለጌዴኦ ሰው እኔ ላስተምር? አባቶችህ እንሰቱን፣ ቡናውንና ዛፉን አንድ ላይ ሲያኖሩ የኖሩበት ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥላው ከበዛብህ ቅርንጫፉን አሳሳው። ዛፉን ግን ተው።

«በጋ ላይ፣ በተለይ ፀሐይ ሲከር፣ ቆርቆሮዬ ላይ ጠጠር ይወረወራል። ጎረቤቴን ጠርጥሬ ተኳርፈናል። ግቢው ጥግ ብርብራ አለ፣ እሱ ይሆን እንዴ?» ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ሂጂና ታረቂ። አንድ ደረቅ የብርብራ ቆባ፣ ማለት ፍሬዎቹ ያሉበት ቅርፊት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። እንጨት የመሰለ፣ ከእጄ መዳፍ የሚረዝም፣ ላዩ ቡናማ ጠጉር የለበሰ ነው። ሲደርቅ ሁለቱ ግማሾች ወደተለያየ አቅጣጫ መጠምዘዝ ይፈልጋሉ። መያያዣው ሲያቅተው «ጧ!» ብሎ ይፈነዳና ፍሬዎቹን ይረጫል። ከዚያ በኋላ ግማሾቹ እንደ ብሎን ተጠማዝዘው ይቀራሉ። ጠጠር ወርዋሪሽ እሱ ነው።

«የፍሬው ዱቄት መዥገር ይገድላል ይላሉ። ልጄ ቅማል ይዟታል፣ ጭንቅላቷን ልቀባት?» ከጂማ

አይሆንም። ገበሬው ከብቱ ላይ ለመዥገር፣ ጎተራ ውስጥ ደግሞ ለነቀዝ ሲጠቀምበት ኖሯል፣ ይሠራልም። የሚሠራው ግን መርዝ ስለሆነ ነው። መጠኑን ለክቶ የሰጠሽ ሰው የለም። የልጅ ራስ ቁስል ሊኖረው ይችላል፣ ዓይኗም ቅርብ ነው። ማበጠሪያና የፋርማሲ መድኃኒት ይበቃሻል። ለከብትም ቢሆን የወቀጥሽበትን ሙቀጫ ለበርበሬ እንዳትመልሺው።

«ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ አለ?» ከዋሽንግተን

በተፈጥሮ የለም፣ የኛው ብቻ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሚሌሺያ ፌሩጊኒያ ነው። ሁለተኛው ቃል በላቲን የብረት ዝገትን ቀለም ያመለክታል፤ ያ ቡናማ ጠጉር ነው ያሰጠው።

«ግቢዬ ልተክለው ብዬ ፍሬ ካስቀመጥኩ ሁለት ዓመት ሆነ።» ከሐዋሳ

እሱን ጣለውና ዘንድሮ ከፈነዳው አዲስ ልቀም። ብዙ ሳታቆይ ዝራው። አፈሩ እርጥብ ይሁንለት እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ከቆርቆሮህ ግን ራቅ አድርገው፣ የአዲስ አበባዋን እህታችንን አስብ።