ድንበር በምትሻገሩበት ቀን ኪሎሜትር አትቁጠሩ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት የመንገድ መሐንዲስ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ብስክሌቴን ግን አልተውኩም። ከአገር አገር በብስክሌት ልትሻገሩ ያሰባችሁ ልጆች ሁሌ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ በቀን ስንት ኪሎሜትር ልንዳ? በሌላው ቀን ሰማንያም መቶም ንዱ። ድንበር በምትሻገሩበት ቀን ግን ግማሹን ብቻ አስቡ። የዚያን ቀን ሰዓት የሚያዘው እግራችሁ ሳይሆን የኬላው መስኮት ነው።

ማታውን ከኬላው አሥር አሥራ አምስት ኪሎሜትር ላይ እደሩና ጠዋት ሲከፈት ድረሱ። ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ብስክሌተኛ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ በትንሹም ይቆጣል። ኬላ ላይ የተቆጣ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ቶሎ አያልቅለትም።

እኔ አንዴ የሠራሁትን ልንገራችሁ። መንገዱ ቁልቁለት፣ ነፋሱም ከኋላዬ ነበር። የመውጫ ማህተም የሚመታባት ቢሮ ከመንገዱ ገባ ያለች፣ ቀለሟ የለቀቀ ትንሽ ክፍል ነበረች። ማገጃው የሚያስቆመው መኪና ነው፤ እኔ በጎኑ ሽው ብዬ አለፍኩ። አሥራ አንድ ኪሎሜትር ወርጄ የቀጣዩ አገር መስኮት ፊት ቆምኩ። ሰውዬው ፓስፖርቴን ገለጠ፣ አገላበጠ፣ ባዶውን ገጽ በጣቱ መታ መታ አደረገና «ከየት ነው የወጣኸው?» አለኝ። ወደ ተራራው ጠቆምኩ። እሱም ወደ ተራራው ጠቆመ። ያን ሁሉ ዳገት ስገፋ የምረግመው ሰው አልነበረኝም። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ማህተም ሲመታላችሁ መስኮቱን ሳትለቁ ቀኑን አንብቡ። በመካከላቸው የድንበር ፍተሻን ባነሱት የአውሮፓ አገሮች፣ ሸንገን በሚባሉት መካከል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማህተም የሚባል ነገር የለም፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው። አዲስ አገር ስለገባችሁ ቀኑ እንደገና ከአንድ አይጀምርም። በ180 ቀን ውስጥ የተፈቀደው 90 ቀን የሁሉም አገሮች ድምር ነው።

ኮሮጇችሁንም ፈትሹ። ቺሊ ለምሳሌ በትኩስ ፍራፍሬ አትደራደርም። መግቢያው ላይ ቅጽ ትሞላላችሁ፤ ሳያሳውቅ የተገኘ ይቀጣል። በዚህ ምክንያት ስድስት ፖም ተራ በተራ በልተው ሆዳቸውን ይዘው የሚሻገሩ ብስክሌተኞች አሉ። እኔም አንዱ ነበርኩ።

መመለስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1884 ቶማስ ስቲቨንስ የፊት ጎማው ግዙፍ፣ የኋላው ትንሽ በሆነ ብስክሌት ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ ዓለምን ሊዞር ወጣ። አፍጋኒስታን አላሳልፍም ብላ መለሰችው። ዞሮ በመርከብ ሕንድ ገባና ከዚያ ቀጠለ፤ በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ላይ ጉዞውን ጨረሰ። ስለዚህ ኬላው ጋ ስትደርሱ ውኃችሁን አትጨርሱ፤ ያደራችሁበትንም ቤት ስልክ ያዙ።

ከተሻገራችሁ በኋላ አስፋልቱ በአንዴ ሊያልቅ ይችላል። እንደ መሐንዲስ ይህ አይገርመኝም። ሁለት በጀት ነው፤ የድንበር መንገድ ደግሞ መኪና ሲያንሰው ተራው ወደ ኋላ ይገፋል።

ከጉድጓድ ይልቅ የምፈራው የመንገዱን አቅጣጫ ነው። ቻይናንና ፓኪስታንን የሚያገናኘውን የኹንጀራብን የተራራ መተላለፊያ እዩ። 4,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቻይና በቀኝ ትነዳለች፣ ፓኪስታን በግራ። ሰዓታቸውም በሦስት ሰዓት ይለያያል፤ ከፓኪስታን ወደ ቻይና ስትሄዱ ቀኑ ያጥርባችኋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ ጫኑ ከተባላችሁ አትከራከሩ፣ ጫኑ።

አቅጣጫ ሲቀየር የመጀመሪያው ሰዓት አያሳስትም፤ ያኔ ሁሉም ይጠነቀቃል። ጉዱ ያለው ከምሳ በኋላ፣ ጭር ካለ መንገድ ዳር ተነስታችሁ ስትገቡ ነው። እግር በልማዱ ወደ ድሮው ጎን ይወስዳችኋል። እኔ መስታወቱን ወደ ሌላው እጀታ አዛውርና፣ በመንገዱ መሃል በኩል በሚውለው እጀታ ላይ ቀይ ፕላስተር እጠቀልላለሁ። ፕላስተሩን የምልጠው በሦስተኛው ቀን ነው።