የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ስለ ማስተርስ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዲግሪውን ከያዝኩ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ተማሪ አማክራለሁ። ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬ በኬሚስትሪ ነው። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ብገባ እችለዋለሁ?

ትችላለህ። ግን ኬሚስትሪው ይበቃኛል ብለህ አትግባ። ኬሚስቱ «ይህ ሪአክሽን ይሠራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኢንጂነሩ «በቶን ስንሠራው ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል?» ይላል።

ሙቀት የሚያመነጭ ሪአክሽን በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ በሰላም አለቀ እንበል። አሁን ዕቃውን ቅርጹን ሳትቀይር ቁመቱንም ጎኑንም 10 እጥፍ አሳድገው። የሚይዘው ፈሳሽ 1,000 እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱ የሚወጣበት ግድግዳ ግን የጨመረው 100 እጥፍ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ግድግዳ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ ማለት ነው። ብልቃጡ ውስጥ ለብ ብሎ የቀረው ነገር ትልቁ ሪአክተር ውስጥ ከቁጥጥር ወጥቶ ሊፈነዳ ይችላል። ኬሚስትሪው ግን ያው ነው።

ከሌላ ዘርፍ ለሚመጣ ተማሪ ብዙ ትምህርት ክፍሎች የማሟያ ኮርሶች ያስወስዳሉ። ፍሉድ ሜካኒክስ፣ ሂት ትራንስፈር፣ ሪአክሽን ኢንጂነሪንግ የመሳሰሉትን። አንተ ከመግባትህ በፊት ማስ ባላንስን ብቻ እንኳ ጥርት አድርገህ ያዝ። የገባው፣ የወጣው፣ የተፈጠረው፣ የተጠራቀመው። ሌላው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚቆመው።

ጥያቄ፦ ሒሳቡ ያስፈራል ይባላል። እውነት ነው ወይስ ሰው ያጋንነዋል?

ትንሽ ይጋነናል። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ሊኒየር አልጀብራና ኒውመሪካል ሜተድስ ካሉሽ መንገዱን ጀምረሻል። ትራንስፖርት ፌኖሜና የሚባለው ኮርስ ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው በሌላ ምክንያት ነው። እዚያ ከባዱ የትኛውን ተርም መጣል እንዳለብሽ ማወቁ ነው። የፈሳሽን እንቅስቃሴ የሚገልጸው የናቪየር ስቶክስ ኢኩዌሽን ሙሉውን ሲያዩት ያስደነግጣል። ፍሰቱ በቀጥተኛ ቱቦ ውስጥ ከሆነ፣ ከጊዜ ጋር ካልተለዋወጠ፣ የሬይኖልድስ ቁጥሩም (ፍሰቱ ጸጥ ያለ ነው ወይስ የሚናወጥ የሚለውን የሚያሳየው) ከ2,100 በታች ከሆነ ግን አብዛኛው ተርም ዜሮ ይገባል። የሚቀርሽ ሁለት ጊዜ ኢንተግሬት ተደርጎ የሚያልቅ ነገር ነው። ፈተና ላይ እያንዳንዱን ተርም ለምን እንደጣልሽው ጻፊ። ቀመር ሸምድዶ የገባ ሰው እዚህ ጋ ነው ጉድ የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ቴሲስ ያለው ይሻላል ወይስ ኮርስ ብቻ?

ፒኤችዲ ወይም የምርምር ሥራ ካሰብክ ቴሲስ ያለው። ዲግሪውን የምትፈልገው ለዕድገት ከሆነ ኮርስ ብቻ ወስደህ ተገላገል።

ጥያቄ፦ ሁለት አማካሪዎች ሊቀበሉኝ ፈቃደኛ ናቸው። አንዱ ስመ ጥር ነው፣ ሌላው ጀማሪ። ማንን ልምረጥ?

ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ይህ ምርጫ ነው የማስተርስሽን ዕጣ የሚወስነው። ከመወሰንሽ በፊት የሁለቱንም ተማሪዎች ፈልገሽ አነጋግሪ። ረቂቅ ሲልኩለት በስንት ጊዜ ይመልሳል? ተማሪዎቹ በሰዓቱ ይመረቃሉ? የላብ (የቤተ ሙከራ) መሣሪያ ሲበላሽ ማን ያሠራል? የመጨረሻው ቀልድ ሊመስልሽ ይችላል። ግን ድብልቅን ለይቶ የሚመረምረው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ቆሞ መለዋወጫ ሲጠበቅ አንድ ሴሚስተር እንደ ዋዛ ይሄዳል። «ጎበዝ ነው፣ ግን...» ካሉሽ ደግሞ ከ«ግን» በኋላ ያለውን በደንብ ስሚ።

እኔ ወደ ጀማሪው አደላለሁ። ላብ ውስጥ ራሱ ይገባል። የእሱም ዕድገት በአንቺ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የሚያሰጋው ገንዘቡ ነው፤ የምርምር በጀቱ እስከ መቼ እንደሚቆይ ሳታፍሪ ጠይቂው።

ጥያቄ፦ ላብ አልወድም። በሲሙሌሽን ብቻ ቴሲስ መሥራት ይቻላል? አስፐን ፕላስ የሚባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር የግድ ነው?

ይቻላል። የአስፐን ላይሰንስ ከትምህርት ክፍሉ ካላገኘህ ዲደብሊውሲም የሚባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ፓይተንም ነፃ ነው። ችግሩ ሶፍትዌር ይዋሻል። ውሸቱንም በአራት ዴሲማል አሳምሮ ነው የሚያቀርብልህ።

ራስህ ሞክረው። ኢታኖልና ውሃን እያፈላ የሚለይ የዲስቲሌሽን ኮለም ሥራና የቴርሞዳይናሚክስ ሞዴሉን «አይዲያል» ላይ አድርገው። ትሬይ (በኮለሙ ውስጥ የሚደረደሩትን ሳህኖች) ጨምር፣ ሪፍለክስ (ከላይ ቀዝቅዞ ወደ ኮለሙ የሚመለሰውን ፈሳሽ) ጨምር። 99.9 በመቶ ንፁህ ኢታኖል ይሰጥሃል፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ። አሁን ሞዴሉን ወደ ኤንአርቲኤል ቀይረው፤ እሱ ሁለቱ ፈሳሾች እርስ በርስ የሚሳሳቡበትንና የሚገፋፉበትን ያሰላል። የፈለግከውን ያህል ትሬይ ብትደረድር በክብደት 95.6 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ይላል። በተለመደው የአየር ግፊት ሁለቱ እዚያ ነጥብ ላይ አዜዮትሮፕ ይሠራሉ። የእንፋሎቱና የፈሳሹ ስብጥር እኩል ይሆንና በ78.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አብረው ይፈላሉ። እውነተኛው ኮለምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ዲፌንስ ላይ «ለምን ይህን ሞዴል መረጥክ?» መባልህ አይቀርም። «ዲፎልቱ ነው» ካልክ አለቀልህ። ውጤትህን ከታተመ የሙከራ ዳታ ጋር የምታመሳክርበት ምዕራፍ ይኑርህ። እሱ ከሌለ ቪዲዮ ጌም ስትጫወት ነው የከረምከው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ካታሊስት (ሪአክሽን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ልሠራ ነው። ከምን ልጠንቀቅ?

የምትለኪው ፍጥነት የእውነት የሪአክሽኑ ፍጥነት መሆኑን አረጋግጪ፣ እህቴ። ካታሊስቱን ፈጭተሽ በዚያው ክብደት ድገሚው። ፍጥነቱ ካልተለወጠ ደህና ነሽ። ከጨመረ ግን ስትለኪው የነበረው ሪአክታንቱ በካታሊስቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ለመስረግ የሚፈጅበትን ጊዜም ጭምር ነው። ስርገቱ በጣም ከገደበው የምታሰይው አክቲቬሽን ኢነርጂ (ሪአክሽኑ ለመጀመር የሚያስፈልገው ጉልበት) የትክክለኛውን ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ይወጣል። ይህን በመጀመሪያው ወር አድርጊው። ቴሲሱ ከተጻፈ በኋላ ሲታወቅ ያስለቅሳል።

ጥያቄ፦ ከተመረቅኩ በኋላ ሥራው ዘይትና ጋዝ ብቻ ነው እንዴ?

ኧረ አይደለም። መድኃኒት አለ፣ ምግብ አለ፣ ሲሚንቶ፣ ውሃ ማጣሪያ፣ ባትሪ። ማዳበሪያን ብቻ ተመልከት። የማዳበሪያው መነሻ የሆነው አሞኒያ፣ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን በሚያዋህደው በሀበር ቦሽ ዘዴ በፋብሪካ ደረጃ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ነው። መሠረቱ ዛሬም ያው ነው። ሃይድሮጅኑ ግን በብዛት የሚመጣው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። አሁን ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ለማምጣት እየተሞከረ ነው። ኤሌክትሪኩ ከፀሐይ ከሆነ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ሪአክተሩ ደግሞ ከ400 ዲግሪ በላይ እየሠራ እንዲበርድ አይፈልግም። የቴሲስ ርዕስ ቸገረን ለምትሉ ይኸው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ፋብሪካ ውስጥ ኦፕሬሽን ላይ ለመቀጠር ከማስተርስ ይልቅ የሥራ ልምድ ይመዝናል። ዲዛይን፣ ሞዴሊንግና ምርምር ላይ ነው ዲግሪው የሚያወጣው።

ጥያቄ፦ ፋብሪካ እሠራለሁ። ሥራ ሳላቋርጥ መማር ይሆናል?

ኮርሱ ይሆናል። የላብ ቴሲስ ግን ይከብድሃል፣ ሌሊት የሚጠበቅ ሙከራ አለውና። ርዕስህን ከሥራህ አምጣ፦ እንፋሎት የሚያባክን ሂት ኤክስቼንጀር፣ ከስፔክ (ከተቀመጠለት የጥራት መለኪያ) የሚወጣ ምርት፣ አለቃህ ሁልጊዜ የሚነጫነጭበት ነገር። ዳታውን ለመጠቀም አስቀድመህ ከመሥሪያ ቤትህ በጽሑፍ ፈቃድ ያዝ። ቴሲስ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ ተወዳዳሪዎቻችሁም ሊያነቡት ይችላሉ። የትኛው ቁጥር በቀጥታ እንደሚወጣ፣ የትኛው በሬሾ ብቻ እንደሚገለጽ ደብዳቤው ላይ ይስፈር።