«በወረቀት ላይ የሚስቴ ተከታይ ነኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ41 ዓመት ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ለ14 ዓመት የሠራሁ ሲቪል መሐንዲስ ነበርኩ። ባለቤቴ የሒሳብ መምህርት ናት። ባንኮክ ያለ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ሲቀጥራት «ሂጂ፣ እኛም እንከተልሻለን» ያልኳት እኔው ነኝ። ከ6 ዓመት ልጃችን ጋር ከመጣን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነን።

የእሷን ወረቀት ትምህርት ቤቱ ይጨርስላታል። እኔ በወረቀት ላይ ተከታይ ነኝ። መሥራት አልችልም። በየ90 ቀኑ አድራሻዬን ማሳወቅ አለብኝ። የባንክ ሒሳብ ልክፈት ስል «የሥራ ፈቃድ አምጣ» አሉኝ። ውኃ ለመግዛት እንኳ የእሷን ካርድ ይዤ ነው የምወጣው። ለሞተረኛ «ቅርብ ነው» ልለው ፈልጌ «ሩቅ ነው» ብዬው፣ ልጄ ናት ከኋላዬ ሆና ያረመችኝ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ፈገግታቸው ነው። በምንኖርበት ሕንፃ ቢሮ የምትሠራ ሴትዮ የመኖሪያ ማሳወቂያ ደረሰኝ እንድትሰጠኝ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ፈገግ ትላለች፣ «እሺ፣ ነገ» ትላለች። በመጨረሻ ጠረጴዛዋን በመዳፌ መትቼ ጮህኩባት። ያኔም ፈገግ አለች። ለካ ከኋላዬ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ቆማለች። ማታ ባለቤቴ «አዋረድከኝ» አለችኝ። «የተዋረድኩትስ እኔ ነኝ» አልኳት። ይኸው ሁለት ሳምንት ጀርባ ተሰጣጥተን ነው የምናድረው። እናቴ ስትደውል «ቢዝነስ እየሞከርኩ ነው» እላታለሁ።

ሲመልሱልኝ እባክዎ «አንተ» ይበሉኝ። እዚህ አገር በአማርኛ አንተ የምትለኝ ባለቤቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሰሞኑን ዝም ብላለች።

ከባንኮክ፣ ኦን ኑት

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሺ፣ አንተ እልሃለሁ።

ከጠረጴዛው እንጀምር። እሱ ላይ ጥፋቱ ያንተ ነው። ሦስት ሳምንት መመላለስ ያናድዳል፣ አልካድኩም። ግን እዚያ አገር ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው እውነት ይዞም ቢሆን ይረታል። ታዮች ግልፍተኛውን «ጃይ ሮን» ይሉታል፤ ልበ ሞቃት እንደማለት ነው። የሚመሰገነው «ጃይ የን»፣ ልቡ የቀዘቀዘው ነው። (እኛ ጋ «ቀዝቃዛ ነው» ቢሉህ ትቀየማለህ፤ እነሱ ጋ ምርቃት ነው።) ሱንታሪ ኮሚን የተባሉ ታይላንዳዊት ተመራማሪ የአገራቸውን ሰው እሴቶች አጥንተው በደረጃ ሲያስቀምጡ፣ አንደኛ የወጣው የራስን ክብር መጠበቅ ነበር። ሰውን በሰው ፊት ማሳጣት እዚያ ተራ ጥፋት አይደለም። ሴትዮዋም ስትጮህባት ፈገግ ያለችው ልታሾፍብህ አይመስለኝም። ደንግጣ፣ አፍራ ይሆናል። ፈገግታው መደበቂያዋ ነው።

«እሺ፣ ነገ» ያለችህ ለምን ይመስልሃል? እኔ የምጠረጥረውን ልንገርህ። የውጭ አገር ሰው ቤቱ ማረፉን በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ያለበት የቤቱ ባለንብረት ወይም ኃላፊው ነው። ቲ ኤም 30 የሚባለው ቅጽ ማለት ነው። ደረሰኙም የሚወጣው እሱ ሲያሳውቅ ነው። አከራይህ ሳያሳውቅ ቀርቶ ከሆነ፣ ሴትዮዋ የምትሰጥህ ወረቀት የላትም። «የለኝም» ብትልህ ደግሞ ሰውዬውን ማሳጣቷ ነው፤ መቀጮም አለበት። ስለዚህ በአንተና በእሱ መሐል ተቀርቅራ ፈገግ ትላለች።

ይህን ጠባይ «ክሬንግ ጃይ» ይሉታል። በእንግሊዝኛ ሊያስረዱህ ቢሞክሩ አንድ ገጽ ይፈጃል። እኛ ግን በጣም የሚቀርበው ቃል አለን፤ ይሉኝታ። ሰው ቤት ገብተህ «ብላ» ሲሉህ፣ ሆድህ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ያልክበትን ቀን አስታውስ። እንደማትሄድ እያወቅህ «ሠርጉ ላይማ አልቀርም» ያልከውንም ጨምርበት። አገር ቤት «እሺ፣ ነገ» ሲሉህ እምቢታ መሆኑን ከዓይናቸው ታነበው ነበር። እዚያ ያጣኸው ይህን ማንበብ ነው።

እና ሂድ። ማንጎ የተደረገበትን የኮኮናት ሩዝ ከመንገድ ገዝተህ ያዝ። «ፒ» ብለህ ጥራት፤ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። ለታናሽ «ኖንግ» ይባላል፤ ካልለየህ ግን ከፍ አድርጎ መሳሳት ይሻላል። ይቅርታ በላትና እዚያው አቁም። «ግን እኮ ሦስት ሳምንት...» ካልክ ማንጎው ተበላሸ። ከዚያ «ይህን ጉዳይ ለማን ብነግረው ይሻለኛል?» ብለህ ጠይቃት። ይህ ጥያቄ ማንንም ሳታሳጣ ወደ አከራይህ እንድትመራህ በር ይከፍትላታል። አገራችን አማላጅ የሚላከው ለምን ሆነና?

ይህ ቀላሉ ነው። አሁን ወደ ቤትህ እንግባ።

ይህን ደብዳቤ ሴት ጽፋው ቢሆን ማንም አይገርመውም ነበር። ባሏን ተከትላ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ገብታ፣ ዲግሪዋን ሻንጣ ውስጥ የቆለፈች ስንት ሴት አነጋግሬአለሁ። «ባልሽ ይሠራል፣ ልጅሽ ይማራል፣ ምን ጎደለሽ?» ይሏታል። አንተን እንዲህ የሚልህ የለም። አንተው ራስህን ትላለህ፣ ከዚያም በከፋ ቃል። ሴቶቹ ቢያንስ እርስ በርስ ያወሩታል። ወንዱ ግን «ቢዝነስ እየሞከርኩ ነው» ይላል።

14 ዓመት ሳይት ላይ «ኢንጂነር» ሲሉህ ዞር ትል ነበር። ይህ ስም ቦሌ ላይ ቀረ። በምትኩ ያገኘኸው ስም ቅጽ ላይ የተጻፈ ነው፤ ተከታይ። የዘመን ቁጥሩ ራሱ ሰውን ያደናግራል። ጥር 1976 የተወለደ ሰው በፓስፖርቱ 1984 ነው፣ በታዮች አቆጣጠር ደግሞ 2527። ማን እንደሆነ በሦስት ቁጥር የሚያስረዳ ሰው አንዳንዴ ቢጠፋው አይፈረድበትም።

«የባህል ድንጋጤ» የሚባለውን ነገር በሰፊው ያስተዋወቀው ካሌርቮ ኦበርግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ንግግር ሲያደርግ ምልክቶቹን ዘርዝሮ ነበር። አንዱ በመጓተትና በጥቃቅን እንቅፋት ከመጠን በላይ መቆጣት ነው። አድማጮቹ አንድ የሴቶች ክበብ ነበሩ። ዛሬ ቢሆን አንተም መጠራት ነበረብህ።

ሥራ ያላገኘኸው ደግሞ ስለሰነፍክ አይደለም። ሲቪል ምህንድስና ታይላንድ ለውጭ ዜጋ ከከለለቻቸው ሙያዎች ጋር የተመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ቢላላም በሩ ለሁሉም አልተከፈተም። ይህን ለእናትህ ንገራት። «እማዬ፣ ሕጉ አይፈቅድልኝም፣ ልጄን እያሳደግኩ ነው» በላት። እናት ይህን ትሸከማለች። ቢዝነሱ የት ደረሰ ብላ ስትጠይቅ ነው አንተ የምትጨነቀው። እግረ መንገዴን፦ ያ ውሸት እውነት እንዳይሆን ተጠንቀቅ። ፕራቱናም የልብስ ገበያ ሊሸምት የመጣ ያገር ሰው «ለአንድ ቀን አግዘኝ» ቢልህ፣ ያለፈቃድ ሥራ በነፃም ቢሆን ሊያስጠይቅህ ይችላል። ያ ደግሞ ባለቤትህ ጋ ይደርሳል።

ወደ ባለቤትህ እንምጣ። በደብዳቤህ ከሥራ ስትመለስ ምን እንደምትመስል አንድ መስመር አልጻፍክልኝም። የሦስታችሁ ቪዛ የተንጠለጠለው በእሷ ኮንትራት ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ነገ «በቃሽ» ቢላት ሻንጣ የምታስሩት ሦስታችሁም ናችሁ። ስለዚህ ባልደረባዋ ከኋላህ ቆማ ስታይ፣ ባለቤትህ የታያት ያንተ ቁጣ ብቻ አይደለም። ኮንትራቱም ታይቷታል። «አዋረድከኝ» ከማለት «ፈራሁ» ብትል ይሻል ነበር፤ ይህን ለእሷም እላታለሁ። ያንተም «የተዋረድኩት እኔ ነኝ» እውነት ነው። ግን ንግግር መጀመሪያ መሆን ሲገባው በር መዝጊያ አደረግኸው።

አንድ ነገር አብራችሁ አድርጉ። የ90 ቀኑን ማሳወቂያ ከቀኑ 15 ቀን ቀድሞ ወይም እስከ 7 ቀን ዘግይቶ በአካል ቀርቦ ማድረግ ይቻላል። ክፍያ የለውም። ካሳለፍከው 2,000 ባት ትቀጣለህ። በኢንተርኔትም ይሆናል። አንድ ጊዜ ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷን ይዘህ በአካል ሂድ። የእሷን ወረቀት ሌላ ሰው ስለሚጨርስላት፣ የወረፋ ቁጥር ጨብጦ መቀመጥ ምን እንደሚመስል አታውቅም። መንገድ ላይ «አየሽ?» አትበላት። ተቀምጣ ትየው። ከዚያ ምሳ ብሉ።

ገንዘቡንም አስተካክሉ። ስለ እያንዳንዷ ባት እሷ ጠይቃህ አታውቅም ይሆናል፤ አንተ ግን ሳትጠየቅ ስታስረዳ ይታየኛል። ወሩ ሲገባ የተስማማችሁበትን ያህል እጅህ ይግባ፣ ሒሳብ አይጠየቅበት። ስለ ባንኩም ተስፋ አትቁረጥ። እዚያ አገር የአንዱ ቅርንጫፍ መልስ የሌላው አይደለም። አንዱ እምቢ ያለውን ማዶ ያለው ይከፍትልህ ይሆናል። የመኖሪያ ማረጋገጫህን ይዘህ ሌላ ሁለት ሦስት በር አንኳኳ፤ ያኛው ደረሰኝ እዚህ ላይም ይጠቅምሃል።

የልጅህ እርማት ቆንጥጦሃል መሰለኝ። «ክላይ» የሚለው ቃል ድምፁ ወረድ ሲል ቅርብ፣ እኩል ሲሄድ ሩቅ ነው። ታይኛ ያልለመደ ጆሮ አይለየውም። «አለ» ሲጠብቅ «ይገኛል»፣ ሲላላ «ተናገረ» መሆኑን ለውጭ ሰው አስረዳው እስቲ። ልጅህ ብታርምህ ሳቅ። ግን አስተርጓሚህ አታድርጋት። ባንክና ሐኪም ቤት ለአባቷ የምትናገር የ6 ዓመት ልጅ ሸክሙ ይበዛባታል፤ አንተንም ያሳንስብሃል። ቋንቋውን በሳምንት ሁለት ሦስት ጠዋት ራስህ ተማር። ለብሰህ የምትወጣበት፣ በስምህ የምትጠራበት ቦታ ይኖርሃል። ፈረንጁን «ፋራንግ» ሲሉት ደግሞ የምታውቀው ቃል ነው። ሰዓታቸውም አያስቸግርህም፤ እኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነሱም «ኑንግ ቱም» ይሉታል፣ አንድ ማለት ነው። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ከእኛ ጋር እኩል ይቆጥራሉ። ክፍል ውስጥ ፈረንጆቹ ግንባራቸውን ሲያሹ አንተ እጅህን ታወጣለህ።

ስለ እንቅልፍህና ስለ መጠጥ አልነገርከኝም። ሌሊቱን አፍጥጠህ የምታነጋ ከሆነ፣ ወይም ቁጣው ልጅህ ላይ መውጣት ከጀመረ፣ በደብዳቤ አይሆንም። እዚያው ባለሙያ አነጋግር፣ ወይም አዲስ አበባ ያለ ሰው በስልክ አግኝ። ልዩነቱ አራት ሰዓት ብቻ ነው፤ አንተ ከሰዓት በኋላ ነፃ ስትሆን እዚህ ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ቡናውን አንተ አፍላ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ «በዚያን ቀን ፈርተሽ ነበር እንዴ?» በላት፤ ከዚያ ዝም ብለህ ስማ። የምትመልሰው ረጅም ይሆናል። ስትቆላ ግን የበረንዳውን በር በደንብ ክፈት። የጭስ ማንቂያው ከጮኸ ያቺ ሴትዮ ፈገግ ብላ እደጃፍህ ትመጣለች፤ ማንጎውን ገና አላደረስክላትም።