እናት የተዉት ቤት፣ ባለአደራዋ እህት እና ከቤቱ የማይወጣው ወንድም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ልጆች ነን። እናታችን ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። በሕይወት እያሉ ቤታቸውን ትረስት (ባለአደራ ንብረቱን ይዞ ለሌሎች ጥቅም የሚያስተዳድርበት ሕጋዊ አሠራር) ውስጥ አስገብተው ነበር። ቤቱ ለሦስታችንም እኩል እንደሚሆን ራሳቸው ነግረውናል። ባለአደራ አድርገው የሾሙት ታላቅ እህታችንን ነው። ታናሽ ወንድማችን እናታችንን ሲያስታምም የኖረ ልጅ ነው። አሁንም እዚያው ይኖራል፣ ኪራይ አይከፍልም፣ «ከዚህ ቤት የትም አልሄድም» ይላል። እህቴን ስለ ቤቱ ስጠይቃት «ኃላፊነቱ የተሰጠው ለእኔ ነው፣ አትጨቅጭቂኝ» ትለኛለች። ሰነዱን እንኳ አላሳየችኝም። በቅርቡ ደግሞ ቤቱን ለራሷ ልትገዛው እንዳሰበች ከሌላ ሰው ሰማሁ። ጠበቃ ብይዝ ቤተሰቡ ይበተናል ብዬ ፈራሁ። ዝም ብልም ውስጤ እያረረ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዝም አትበይ። ግን ጠብም አትጀምሪ፣ በመሃል ብዙ መንገድ አለ።

ከሁሉ በፊት ይሄን ያዢ፦ እህትሽ ቤቱን እንድታስተዳድር ተሾመች እንጂ ቤቱ አልተሰጣትም። ካርታው ላይ የእሷ ስም ቢኖር እንኳ ስሟ የተጻፈው በባለአደራነቷ ነው። የመሸጥ፣ የማከራየት፣ የማሳደስ ሥልጣን ሊኖራት ይችላል፣ ያንን ሥልጣን ግን የምትጠቀምበት ለሦስታችሁም ጥቅም ብቻ ነው። ነገሩን ያወሳሰበው እሷ ራሷ ከሦስቱ ተጠቃሚዎች አንዷ መሆኗ ነው። ስለ ቤቱ በወሰነች ቁጥር ስለ ራሷም እየወሰነች ነው። ለዚህ ነው «አትጨቅጭቂኝ» የሚለው መልስ የማያስኬደው።

አሁን ሰነዱን ጠይቂ። እናታችሁ በሕይወት እያሉ ሊለውጡት ይችሉ የነበረ ትረስት ከሆነ፣ ሲያርፉ ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ማንም እንደፈለገ አይቀይረውም። ተጠቃሚዎችም ምን እንደተጻፈላቸው የማወቅ መብት አላቸው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል እንጂ ባለአደራ ለተጠቃሚዎቹ ሒሳብ ማሳየት እንዳለበት ትረስት በሚሠራባቸው አገሮች ሁሉ የታወቀ ነው። ታዲያ በስልክ አትጠይቂያት፣ ስልክ ላይ ቶሎ ትጋጫላችሁ። ጻፊላት። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«እህቴ፣ የትረስቱን ሰነድ ኮፒ፣ የቤቱን ካርታ ኮፒ፣ የኢንሹራንሱን ውል፣ እንዲሁም እማማ ካረፉ ጀምሮ ለቤቱ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ዝርዝር እስከ ወሩ መጨረሻ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ልከስሽ ብዬ አይደለም፣ ሦስታችንም እኩል እንድናውቅ ነው። ሸክሙ አንቺ ላይ እንደወደቀ አውቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዪያት። እውነት ነውና። ባለአደራነት ብዙ ሰው የማያየው ልፋት አለው፣ ወረቀቱ፣ ግብሩ፣ ቧንቧው፣ ደግሞም ስታጠፋ ከኪሷ የሚያስከፍል ኃላፊነት ነው። አኩርፋ ከሆነ ምናልባት ማንም አመሰግናለሁ ስላላላት ይሆናል።

ሰነዱ ሲደርስሽ ተረጋግተሽ አንብቢው። ቤቱ ይሸጥ ይላል ወይስ ለልጆቹ በስማቸው ይተላለፍ? ወንድማችሁ እዚያ የመኖር መብት ተጽፎለታል? ከተጻፈለት እስከ መቼ? ባለአደራዋ ራሷ መግዛት ትችላለች ይላል? ለድካሟ ክፍያ አላት? ቀጥሎ ካርታውን እይ። ይሄ ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ነው፦ ትረስት ተፈርሞ ቤቱ ግን ወደ ትረስቱ ሳይዛወር የሚቀርበት ጊዜ አለ። ካርታው አሁንም በእናታችሁ የግል ስም ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፣ በኑዛዜ ወይም በውርስ ሕግ በኩል ወደ ፍርድ ቤት የሚወስድ ሊሆን ይችላል። ስለ ሽያጭ ከማውራታችሁ በፊት ይሄ ይጣራ።

ስለ ወንድምሽ። ልጁን አትግፉት። እናቱን ያስታመመ ሰው ነው፣ ሌሎቻችሁ በየፊናችሁ ስትሄዱ ሌሊት ተነስቶ መድኃኒት የሰጠው እሱ ነው። ግን ማስታመሙ ብቻውን ቤቱን የእሱ አያደርገውም፣ በነጻ ለሁልጊዜ የመኖር መብትም አይሰጠውም፣ ሰነዱ ካልሰጠው በቀር። ባለአደራ ደግሞ ለአንዱ አድልታ ሌላውን መጉዳት አትችልም። ስለዚህ የሚያዋጣው ጽሑፍ ያለው ስምምነት ነው፦ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ መብራትና ውሃውን ማን እንደሚከፍል፣ ኪራይ ይክፈል ወይስ ቆይቶ ከድርሻው ይቀነስ። ኪራዩ ከድርሻው ቢቀነስ ለእሱም ይቀላል፣ አሁን እጁ ላይ ገንዘብ ላይኖረው ይችላላ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ለልፋቱ የሆነ ነገር ጨምሩለት። አንቺና እህትሽ ከየድርሻችሁ ብትሰጡት ማንም አይከለክላችሁም። ብቻ ሁለታችሁም ወዳችሁ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ቤቱ ሳይሸጥ በፊት ይሁን። ገንዘብ እጅ ከገባ በኋላ እንዲህ ያለ ወሬ መጀመር ከባድ ነው። እህትሽ ግን አንቺን ሳታማክር ካንቺ ድርሻ ቆርሳ ልትሰጠው አትችልም።

እህትሽ ልትገዛ ነው ያልሽው ላይ ጠንቀቅ በይ። ይሄ ጉዳይ በሕግ የቆየ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1726 የተፈረደ አንድ ጉዳይ አለ፣ ኪች እና ሳንፎርድ ይባላል። አንድ ባለአደራ ለአንድ ሕፃን የገበያ ቦታ ኪራይ ውል ይዞለት ነበር። ውሉ ሲያልቅ አከራዩ ለሕፃኑ አላድስም ሲል ባለአደራው ለራሱ ወሰደው። ሕፃኑ ምንም አልቀረበትም ነበር እኮ፣ ውሉን ለእሱ እንደማያድሱለት ተነግሯል። ፍርድ ቤቱ ግን ባለአደራው ውሉን ለልጁ እንዲያስረክብ፣ ያገኘውንም ትርፍ እንዲመልስ ወሰነ። በዚህ ነገር ላይ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ጥብቅ የሆኑት ባለአደራ በያዘው ንብረት ለራሱ መነገድ ከጀመረ መቆጣጠሪያ ስለማይኖረው ነው።

ይሄ ማለት እህትሽ በፍጹም መግዛት አትችልም ማለት አይደለም። ሰነዱ ከፈቀደ፣ ወይም ሁላችሁም ሙሉውን መረጃ አይታችሁ በጽሑፍ ከተስማማችሁ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካጸደቀው ይቻላል። ዋጋውን ግን እሷ አትቁረጠው። ከማናችሁም ጋር የማይተዋወቁ ሁለት ገማቾች ለየብቻ ይገምቱ፣ አማካዩን ውሰዱ። አንድ ግምት ደግሞ እናታችሁ ባረፉበት ቀን ቤቱ ስንት ያወጣ እንደነበር የሚያሳይ ይሁን፣ ለግብር ያስፈልጋል። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ወላጅ በሕይወት እያለ ሊለውጠው ይችል በነበረ ትረስት የተያዘ ቤት ሲሸጥ፣ ትርፉ በአብዛኛው የሚሰላው ወላጅ ድሮ ከገዛበት ዋጋ ሳይሆን ባረፈበት ቀን ካወጣው ዋጋ ተነስቶ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ሊሆን ይችላል። ያኔ ያልተገመተ ቤት ቆይቶ ወደ ኋላ ማስገመት ይቻላል፣ ግን ጊዜ በሄደ ቁጥር ያስቸግራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የቤቱ ዋጋ 900 ነው እንበል፣ የባንክ ዕዳው 150። ቀሪው 750 ለሦስት ሲካፈል 250 ይደርሳችኋል። እህትሽ ዕዳውን ወስዳ ለአንቺ 250፣ ለወንድምሽ 250 ትከፍላለች ማለት ነው። ጠብ የሚነሳው ሌላ ቦታ ነው፦ «ለሌላ ሰው ብንሸጠው ደላላ ይከፈለው ነበር፣ እሱ ይቀነስልኝ» ትል ይሆናል። ሊያስማማ የሚችል ሐሳብ ነው፣ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ጠበቃ ማማከር ደግሞ ክስ አይደለም። አንድ ጊዜ ሄደሽ ሰነዱን አስነብቢ። እህትሽ «የትረስቱ ጠበቃ እንዲህ አለ» ብትልሽ፣ ያ ጠበቃ በአብዛኛው የሚሠራው ለባለአደራዋ መሆኑን አትርሺ። አንቺን ወክሎ አይደለም የሚናገረው። ከዚያ በኋላም ካልተግባባችሁ ሦስታችሁም የምታከብሩት ገለልተኛ ሰው መሃላችሁ ይቀመጥ። ጽፈሽላት ጭራሽ ካልመለሰች ግን፣ ፍርድ ቤት ሒሳብ እንድታቀርብ ሊያዛት፣ ጥፋት ከተገኘባትም ሊሽራት ይችላል። እዚያ እንዳትደርሱ ነው ዛሬ የምትጽፊላት።

ጥያቄ፦ የሟች ወንድሜ ቤት ባለአደራ እኔ ነኝ። ልጆቹ ገና ትንንሽ ናቸው። ቤቱ አሁን ባዶ ነው። ጣራው ሲያፈስ ከኪሴ አሳደስኩት፣ ደረሰኝ ግን የያዝኩት ለግማሹ ብቻ ነው። ያጠፋሁት ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልብዎ ጥሩ ነው፣ አያያዝዎ ግን ይስተካከል። በትረስቱ ስም የተለየ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ። ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ወጪ ሁሉ ከዚያ ይውጣ፣ ገቢውም እዚያ ይግባ። የእርስዎ ገንዘብ ከልጆቹ ገንዘብ ጋር ከተቀላቀለ ነገ ማስረዳት የሚቸገሩት እርስዎ ነዎት። ለጣራው ያወጡትን መልሰው መውሰድ ይችላሉ፣ ደረሰኝ ለሌለው ከሠራው ሰው ማረጋገጫ ያጽፉ፣ የጣራውን ፎቶ ያያይዙ።

አሁኑኑ የሚያስፈልገው ግን ኢንሹራንሱ ነው። ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ውሎች ቤቱ ሰው ሳይኖርበት ከ30 ወይም ከ60 ቀን በላይ ከቆየ ሽፋናቸውን ይቀንሳሉ፣ አንዳንዱን ጉዳት ጭራሽ አይከፍሉም። ባለቤቱ ማረፉንም ኩባንያው ማወቅ አለበት። ደውለው ያሳውቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ያግኙ። ውሃውን ከዋናው ይዝጉ፣ በየጊዜው ሰው ገብቶ ይየው፣ የገባበትን ቀን ይጻፍ። ቤቱን ማከራየት ካሰቡ ደግሞ ለዘመድ በርካሽ እንዳይሰጡ። ልጆቹ አካለ መጠን ስላልደረሱ «ተስማምተናል» ብለው ሊፈርሙልዎ አይችሉም፣ ስለዚህ እንደ ሽያጭ ያለ ትልቅ ውሳኔ ሲመጣ ፍርድ ቤቱን ያስፈቅዱ። እርስዎንም ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ፦ የአባታችን ቤት ሳይሸጥ ዕቃውን አሁን ብንከፋፈል ችግር አለው?

መልስ፦ ቤቱ ትረስት ውስጥ ስለገባ ዕቃውም ገብቷል ማለት አይደለም፣ ሰነዱ ላይ እዩት። ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቅረጹ፣ መሳቢያዎቹንም እየከፈታችሁ። ወረቀት ምንም አትጣሉ፦ አባታችሁ ወጥ ቤቱን ያሳደሱበት የድሮ ደረሰኝ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የግብር ወረቀት፣ ሁሉም በአንድ ካርቶን ይግባና ለባለአደራው ይሰጥ። ፎቶ አልበሙ ላይ ከተጣላችሁ አንዱ ወስዶ ለሌሎቻችሁ ስካን አድርጎ ይላክ። ውድ የሆነ ነገር ካለ፣ ወርቅም ይሁን ሥዕል፣ ሳይገመት ከቤቱ አይውጣ።