ይህን ቁልፍ የሚከፍት ሌባ አልተወለደም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። መገናኛ አካባቢ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። የበሩን ቁልፍ ልቀይር ስል ሻጩ «ሃይ ሴኩሪቲ» የሚባል አሳየኝ። ዋጋው የተራውን ስድስት እጥፍ ነው። «ይህን የሚከፍት ሌባ ገና አልተወለደም» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ሌባውስ ተወልዷል ወንድሜ፣ ያንተ ሱቅ ድረስ መምጣቱን ነው የምጠራጠረው።

ጆሴፍ ብራማ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1784 የፈጠራ መብት ያወጣበትን ቁልፍ ለንደን፣ ፒካዲሊ፣ የሱቁ መስኮት ላይ አስቀመጠና የሚከፍት መሣሪያ ለሠራ 200 ጊኒ (የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ) እሰጣለሁ ብሎ ጻፈበት። ሰውዬው ሞተ፣ ቁልፉ አልተከፈተም። በ1851 አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ መጥቶ ከፈተው፣ ግን ስንት ፈጀበት መሰለህ? በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ገደማ! ያንተ ሌባ ያለው ጊዜ ዘበኛው ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ነው።

አንድ ቁልፍ ቀራጭ ለሁለት የተሰነጠቀ ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበትን ክፍል፣ አሳይቶኝ ያውቃል። ውስጡ አምስት ትንንሽ የናስ ዘንጎች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ወገቡ ላይ ተቆርጧል፣ ከላይ የእስክሪብቶ ስፕሪንግ የመሰለ ነገር ይጫነዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ የተቆረጡበት ቦታ ሁሉ እኩል መስመር ላይ ይውልና ሲሊንደሩ ይዞራል። ርካሹ ላይ ቀዳዳዎቹ ሰፋ ሰፋ ስለሚሉ የለመደ እጅ ያለ ቁልፍም ያሰልፋቸዋል። ውዱ ይህን ነው የሚያከብደው። ሜዴኮ የሚባለው የአሜሪካ ቁልፍ ላይ ዘንጎቹ ከፍ ማለታቸው አይበቃም፣ በልካቸው መዞርም አለባቸው። የፊንላንዱ አብሎይ ጭራሽ ስፕሪንግ የለውም፣ በዘንግ ፈንታ የሚዞሩ ዲስኮች ናቸው ያሉት። እነዚህንም የሚከፍቱ አሉ፣ ግን ልዩ መሣሪያና የዓመታት ልምምድ ያላቸው፣ ብዙዎቹም ለፉክክር ብለው የሚያደርጉት ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአንድ ወዳጄ ሱቅ ተዘርፎ ልናይ ሄድን። ውዱ ጓጉንቸር እንደተቆለፈ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ አንድ ጭረት እንኳን የለበትም። የተንጠለጠለበት ቀለበት በሁለት ነጥብ ብቻ ተበይዶ ስለነበር በፌሮ ብረት ፈልቅቀው ከነብየዳው ነቅለውታል።

ስለዚህ ግዛው፣ ግን ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቀው። ቁልፉን ማንም ቀራጭ ያስመስለዋል ወይስ አብሮት የሚሰጥህን ካርድ አሳይተህ ብቻ ነው የሚቀረጽልህ? ማንም የሚቀርጸው ከሆነ ስድስት እጥፍ አትክፈል፣ ነገ ከሱቅህ የሚለቅ ሠራተኛ ኪሱ ውስጥ ኮፒ ቢኖር ማን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ሲሊንደሩ መሰርሰሪያ ይችላል ወይ?

የበርህ ማጠፊያ ግን በውስጥ ነው በውጭ? በውጭ ከሆነ ሌባው ቁልፉን ሳይነካ ማጠፊያውን ይነቅለዋልና የቁልፉን ነገር ተወውና መጀመሪያ በያጅ ጥራ።